ቦርሳ ውስጥ የሚገባው ባለ አራት ቁራጭ ዘንግ፦ ከወራት የተራራ ሐይቅ ዓሣ ማጥመድ በኋላ

ወደ ተራራ ሐይቅ የሚወጣው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የእግር መንገድ ነው። ረጅም የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዞ ዳገት መውጣት ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው። ቅርንጫፍ ይይዘዋል፣ ድንጋይ ይመታዋል። ሁለት እጅ በሚያስፈልግበት ገደላማ ቦታ ላይ አንዱን እጅ ሥራ ያስፈታል። ለዚህ ነው አራት ቦታ ተነጣጥሎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ዘንግ የገዛሁት። ሐይቆቹ ላይ ያለው በረዶ ከቀለጠበት ጊዜ አንስቶ ውርጭ እስኪመለስ ድረስ ሌላ ዘንግ አልያዝኩም። ስለዚህ ይህ ዕቃው ከካርቶኑ በወጣ ማግስት የሚጻፍ ዓይነት ውዳሴ አይደለም።

ዕቃውን ላስተዋውቃችሁ። ሲገጣጠም 2.10 ሜትር ነው። ሲነጣጠል እያንዳንዱ ቁራጭ ከ60 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። ሰውነቱ ካርቦን ፋይበር፣ እጀታው ቡሽ ነው። ከ5 እስከ 20 ግራም የሚመዝን ማጥመጃ እንዲወረውር ታስቦ የተሠራ ነው። የገጠምኩበት ሪል፣ ማለትም የክር መጠቅለያው፣ 2500 ቁጥር ያለው መካከለኛ መጠን ነው። ክሩ ቀጭን የተሸረበ ክር ሲሆን ጫፉ ላይ ውኃ ውስጥ እምብዛም የማይታይ ፍሎሮካርቦን የተባለ ክር እቀጥልበታለሁ። የማሳድደው ዓሣ በዋናነት ትራውት ነው።

ሻጮች ስለዚህ ዓይነት ዘንግ ሲያወሩ ክብደቱን ነው የሚያነሱት። ቀላል ነው፣ አልዋሹም። ግን ከተለመደው ባለ ሁለት ቁራጭ ዘንግ ጋር ያለው ልዩነት ጥቂት ግራም ነው፤ ትከሻ አያውቀውም። ቁም ነገሩ ሲነጣጠል ማጠሩ ነው። እጆቼ ነፃ ሆነው እወጣለሁ። ዓሣ ይኖር ይሆን ብዬ በማልተማመንበት ጉዞም ቦርሳው ውስጥ ስላለ ይዤው እሄዳለሁ። ይህ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ከፍተኛ የተራራ ሐይቆች በተፈጥሮ ዓሣ አልነበራቸውም፤ ፏፏቴ መንገዱን ይዘጋባቸው ነበር። ዛሬ በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ዓሣ ሰው ያመጣው ነው፣ ጎረቤታቸው ያለው ሐይቅ ደግሞ ባዶ ሊሆን ይችላል። ዓሣ ይኑረው አይኑረው ባልታወቀ ውኃ ላይ ዕድልን መሞከር የሚቻለው ዕቃው ሸክም ካልሆነ ነው።

አራት ቦታ የተቆራረጠ ዘንግ እንዴት አድርጎ ይወረውራል? ይህን ጥያቄ ሁሉም ያነሳዋል። መጋጠሚያዎቹ ላይ ካርቦኑ ስለሚደራረብ እዚያ ቦታ ላይ ዘንጉ ይጠነክራል። በዚህ የተነሳ ሲታጠፍ ቅስቱ እንደ አንድ ወጥ ዘንግ አይለሰልስም። እውነቱን ለመናገር ይህ የሚሰማኝ ከባዱን 20 ግራም ስወረውር ብቻ ነው። ከ7 እስከ 12 ግራም በሚመዝን ማንኪያ መሰል የብረት ማጥመጃ ከሆነ እዳው ገብስ ነው።

በርቀት ከረጅም ዘንግ ያንሳል፣ አልክድም። ግን ጥርት ባለ ሐይቅ ላይ ርቀት ብዙዎች እንደሚያስቡት ያን ያህል ወሳኝ አይደለም። ትራውት ምግቡን ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ዳር ዳሩን ነው። በተለይ ጥልቀት የሌለው ክፍል አልቆ ውኃው ድንገት የሚጠቁርበትን መስመር ይከተላል። ጅረት የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታም ሁሌ መሞከር አለበት። ስለዚህ ወደ መሃል ከመወርወር ከዳሩ ጎን ለጎን መወርወር ይሻላል። ሌላም ነገር አለ። ብርሃን ውኃ ውስጥ ሲገባ ስለሚታጠፍ፣ ዓሣ ከውኃው በላይ ያለውን ዓለም የሚያየው 97 ዲግሪ ገደማ ስፋት ባለው ክብ መስኮት በኩል ነው። ከውኃው ወለል አቅራቢያ ዝቅ ያለ ነገር በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ተጨፍልቆ ስለሚታየው እምብዛም አይለየውም። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ግን ከነዘንጉ ጎልቶ ይታየዋል። በርከክ ብሎ ለመወርወር 2.10 ሜትር ልክ ነው። 2.70 ሜትር ይዤ ከቁጥቋጦ መሃል መንበርከክ አልፈልግም።

ድክመቱ የታየኝ በሙቀቱ ወራት ነው። ትራውት ቀዝቃዛ ውኃ ይወዳል። የውኃው ሙቀት ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን በደንብ ይበላል፣ 20 ሲያልፍ ግን ይጨነቃል። ላይኛው ውኃ ሲሞቅ ዓሣው ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ያኔ ከበድ ያለ ብረት ወደ ታች ማውረድ ግድ ነው። የዚህ ዘንግ ጫፍ ደግሞ ለዚህ ሥራ ትንሽ ይለሰልሳል። ብረቱ መሬት ሲነካና ዓሣ ሲነክስ ለመለየት ጊዜ ወስዶብኛል። ያዳነኝ ክሩ ነው። የተሸረበ ክር እምብዛም አይለጠጥም፤ ናይለን ቢሆን ኖሮ ግማሹን ንክሻ አላውቀውም ነበር።

አሁን ወደ መጋጠሚያዎቹ እንምጣ፤ የዚህ ዘንግ ነገር ሁሉ ያለው እዚያ ነው። በተወረወረ ቁጥር ቁራጮቹ በጥቂቱ ይዞራሉ፣ ይላላሉ። ካላያችሁት ጫፉ ተነቅሎ ክሩን ተከትሎ ውኃ ይገባል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ላልቶ እያለ ሲታጠፍ ነው። ያኔ የውጪኛው ቁራጭ አፍ ይሰነጠቃል፤ ካርቦን ከተሰነጠቀ በኋላ መፍትሔ የለውም። ስለዚህ አልፎ አልፎ ዓይንን በዘንጉ ላይ ማስኬድ ልማድ መሆን አለበት። ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ከመስመር ወጥተው ከታዩ አንዱ መጋጠሚያ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ስገጣጥም ከጫፉ እጀምራለሁ። ቀለበቶቹ ሩብ ዙር ያህል ተዛንፈው እንዲገቡ አደርግና እየገፋሁ ወደ መስመራቸው አዞራቸዋለሁ። እንዲህ ሲደረግ በደንብ ይጨብጣል። በየተወሰነ ጊዜ ወንዴው መጋጠሚያ (ወደ ሌላው ውስጥ የሚገባው ጫፍ) ላይ ስስ ሰም እቀባለሁ፤ ተራ ሻማ ይበቃል። ሰሙ ከመላላትም ከመጣበቅም ይከላከላል።

ተጣብቆ አልላቀቅ ካለ ፒንሳ እንዳታነሱ። ቁጢጥ በሉና ዘንጉን ከጉልበታችሁ በስተጀርባ አሳልፉት። ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ፣ ከጉልበቶቻችሁ ውጪ ያዙት። ከዚያ እጃችሁን ሳታጥፉ ጉልበታችሁን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ለሚያይ ሰው ያስቃል፣ ግን ይሠራል። ኃይሉ ቀጥ ባለ መስመር ስለሚስብ ካርቦኑ አይጠመዘዝም።

እንደ አንቴና የሚሳበውን ዓይነት ለምን አልገዛህም የሚሉኝ አሉ። ሞክሬዋለሁ። አሸዋ ከገባበት ወይ አይወጣም ወይ አይገባም። ቀለበቶቹም በየጊዜው ይዞራሉ። በቃ፣ አልወደውም።

ከወራት በኋላ የጫፉ ቀለበት ተበላሸ። ውስጡ ያለው ሴራሚክ በዓይን በማይታይ ስንጥቅ ተሰነጠቀ። ያወቅኩት ክሩ መሻከር ሲጀምር ነው። ጥጥ በቀለበቱ ውስጥ ሳሳልፍ ጭረቶቹ ላይ ተያዘ፤ ይህን ሙከራ በሁሉም ቀለበቶች ላይ ማድረግ ጥሩ ነው። ለሻጩ ስነግረው ዋስትናው የፋብሪካ ጉድለት ብቻ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ደግነቱ የጫፍ ቀለበት የሚያያዘው በሙቀት በሚቀልጥ ሙጫ ነው። በትንሽ እሳት አሞቅኩት፣ ነቀልኩት፣ አዲስ ለጠፍኩ። እሳቱ ካርቦኑን እንዳይነካ ብቻ መጠንቀቅ ነው።

ማኅደሩ ግን ምኑም አያስደስት። ዚፑ ቶሎ ተበላሸ። ውስጡ ያለው ጨርቅ ውኃ ይዞ አይደርቅም፤ የእጀታው ቡሽ ሻጋታ ሊያወጣ ይችላል። እኔ ቤት ስደርስ አራቱንም ቁራጭ አውጥቼ አደርቃለሁ። ማድረቁ ሌላ ጥቅም አለው። እርጥብ ዕቃ፣ መረብና ጫማ ከአንድ ሐይቅ ወደ ሌላው አልጌና የማይፈለጉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ያሻግራል። አጥቦ ማድረቅ ለሐይቁም ነው።

ሪሉ ላይ ብዙ የምለው የለም። ዓሣ ሲጎትት ክር የሚለቀውን ፍሬን ክሩ ከሚበጠስበት ጉልበት ሩብ እስከ ሲሶ ላይ አስተካክላለሁ፤ ያለመንተባተብ ይለቃል። ከወረወርኩ በኋላ ክሩ እንዲለቀቅ የሚከፈተውን የሪሉን ሽቦ በእጄ እዘጋዋለሁ። የሪሉን እጀታ በማዞር ከተዘጋ የላላ ክር እላዩ ላይ ይጠቀለልና በሚቀጥለው ውርወራ ተቆላልፎ ይወጣል። አሸዋ ላይ ማስቀመጥ አይወድም። የሚወድ ሪልም የለም።

ቅዝቃዜው ሲመለስ የተሸረበው ክር የሚይዘው ውኃ ቀለበቶቹ ላይ ወደ በረዶ ይለወጣል። ትንንሾቹ የጫፍ ቀለበቶች ይደፈናሉ። ጫፉን ውኃ ውስጥ ነክሮ ማቅለጥ ነው፤ በጥፍር መፈልፈል ሴራሚኩን ያንቀሳቅሰዋል። በዚህ ወቅት ናይለን ክር የተጠቀለለበት ትርፍ ጥቅል ይዤ እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ግን ከዘንጉ ጥራት ጋር የማይገናኝ፣ ከጥሬ ዕቃው ጋር የሚገናኝ አለ። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ተራራ ላይ ደግሞ ጠዋት የጠራው ሰማይ ከሰዓት በኋላ ደመና ሊሸከም ይችላል። ክፍት ሐይቅ ዳር ዘንግ ወደ ላይ ቀስሮ መቆም መብረቅን መጋበዝ ነው። የቡሽ እጀታ አያድንም። ነጎድጓድ ከተሰማ ዘንጉን አስተኝቼ ከውኃውና ከረጃጅም ዛፎች እርቃለሁ። ዓሣው የነከሰበት ሰዓት ቢሆንም።

ልግዛው ወይ ለሚለኝ፣ በእግሩ ለሚጓዝ ሰው አዎ። መኪናውን ዳር አቁሞ ለሚያጠምድ ሰው ግን ባለ ሁለት ቁራጩ ይሻለዋል፤ መጋጠሚያው አንድ ብቻ ስለሆነ የሚላላበት ነገር ያንሳል። ስትገዙ ሱቅ ውስጥ ገጣጥሙት። መጋጠሚያዎቹ እስከ መጨረሻ ሲገቡ በወንዴው ሥር ትንሽ ክፍተት መቅረት አለበት፤ እያደር ሲበላ ወደ ውስጥ የሚገፋበት ቦታ ይፈልጋል። ክፍተቱ ገና ከአዲስነቱ ከሌለ ሌላ ዘንግ እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ።