የተማሪ ማይክሮስኮፕ፦ ፓራሚሲየም ሲታጠፍ ለማየት ይበቃል?

ይበቃል። እንደ ፓራሚሲየም ያሉ የኩሬ ውሃ ጥቃቅን ፍጥረታትን እንቅስቃሴ ለማየት ከሆነ ይህን ባለ ሦስት ሌንስ ማይክሮስኮፕ ግዙት። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን "1000 እጥፍ" ግን ተዉት፤ ምስሉ ይተልቃል፣ ያው ይደበዝዛል፣ አዲስ ነገር አይታይም።

እኔ የምወዳት 40 እጥፍ የምታሳየውን ትንሿን ሌንስ ነው። ፓራሚሲየም በጣም ፈጣን ስለሆነ ሰፋ ያለ ቦታ ካልታያችሁ ያመልጣችኋል። ጠብታው ላይ ትንሽ የጥጥ ክር ጣል አድርጉና ጠብቁ። እየተሽከረከረ ይመጣና ክሩን ይገጫል፣ ወዲያው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ ትንሽ ዞር ይላል፣ ከዚያ በሌላ አቅጣጫ ይሞክራል፣ ከገጨም ያንኑ ይደግማል፣ ማለፊያ እስኪያገኝ ድረስ። አንጎል የለውም፣ ነርቭ የለውም፣ አንድ ሴል ብቻ ነው! ፊቱ ሲነካ ካልሲየም ወደ ሴሉ ይገባል፤ ያኔ ገላውን የሸፈኑት ሲሊያ የሚባሉ ፀጉር መሰል ቀዛፊዎች በተቃራኒው ይቀዝፋሉ። ካልሲየሙ ሲወጣ መልሶ ወደፊት።

መብራቱ የሚቀነስና የሚጨመር መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ዩግሊና የሚባል ሌላ ባለ አንድ ሴል ፍጥረት ያለበትን ስላይድ ግማሹን ከስር በጥቁር ወረቀት ሸፍኑና መጠነኛ ብርሃን ስጡት። ቆይታችሁ ስታዩ ብርሃኑ ጋ ተሰብስበዋል። ብርሃኑ ከበዛ ደግሞ ይሸሻሉ። በ400 እጥፍ ዩግሊናው ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ ትታያለች፤ ዩግሊናው ሲሽከረከር እሷ አጠገቧ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ክፍል እየጋረደች ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ታሳውቀዋለች። ይህን በዓይን ማየት በጣም ደስ ይላል።

ቅር ያለኝ፣ ስላይዱን የሚያንቀሳቅስ መዘውር የለውም። በ40 በጣት መግፋት አያስቸግርም፣ በ400 ግን ጣታችሁ ትንሽ ከነቃነቀው የምትከታተሉት ፍጥረት የለም።

ለባክቴሪያ ብላችሁ ደግሞ አትግዙት። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ርዝመቱ 2 ማይክሮን ገደማ ነው (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)። አንድ ሰከንድ ያህል ቀጥ ብሎ ይዋኛል፣ ለቅጽበት ባለበት ይገለባበጣል፣ ከዚያ በሌላ አቅጣጫ ይቀጥላል፤ ምግብ ወዳለበት እየቀረበ ከሆነ ቀጥታ ጉዞውን ያረዝመዋል። ይህን ለመከታተል ሳይንቲስቱ ሃዋርድ በርግ ባክቴሪያውን ራሱ እየተከተለ የሚሄድ ልዩ ማይክሮስኮፕ መሥራት ነበረበት፣ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1972 ከዳግላስ ብራውን ጋር አሳትሟል። በዚህኛው የምታዩት የሚርገበገቡ ነጥቦችን ብቻ ነው።