«ለስላሳ ፍሪሲዮን» የሚሏችሁን ሞላ ሳትለኩ እንዳትገዙ

ደሴም ኮምቦልቻም ሞተር ሳይክል የምትነዱ፣ ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው። የፍሪሲዮኔ እጀታ፣ ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው ማለቴ ነው፣ ከብዶብኝ ማለስለሻ ፍለጋ ወጥቼ ነበር። ደሴ ፒያሳ ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች ባንዱ «የለስላሳ ፍሪሲዮን ሙሉ ሴት» (ስብስብ ለማለት ነው) የሚሉት ነገር እየተሸጠ ነው። አራት ሞላ፣ አምስት ዲስክ፣ ላዩ ላይ የጃፓን ባንዲራ የታተመበት ካርቶን፤ 3,800 ብር። ለህንድ 150 ሲሲ ሁሉ ይሆናል ይሏችኋል። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ሰውየውን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዋጋ በአፉ አይናገርም፣ ካልኩሌተሩን አዙሮ ያሳያል። ደረሰኝ ስትሉት «ያለ ደረሰኝ ከሆነ 300 እቀንስልሃለሁ» ይላል። ጥያቄ ስታበዙ ደግሞ «አብሽር ወንድሜ፣ ችግር ካለ እኔ የት እሄዳለሁ?» እውነቱን ነው፣ የትም አይሄድም። እዚያው ተቀምጦ ነው የሚክዳችሁ።

አሻሻጡን ልንገራችሁ፣ ብልሃቱ እዚያ ላይ ስለሆነ። ለናሙና የወሰድኳትን አንዲት አሮጌ ሞላ ተቀብሎ ባንኮኒው ላይ አቆማት። ከካርቶኑ አዲሱን አውጥቶ ጎኗ አቆመው። በሁለቱ አናት ላይ የሲጋራ ፓኮ አጋደመ፤ ፓኮው አላዘመመም። «አየህ፣ ልኩ ራሱ ነው።» ከዚያ አዲሱን በአውራ ጣቱ ተጫነው፣ እሺ ብሎ ወረደ። አሮጌዋን ወደኔ ገፋና «እስቲ አንተ ተጫናት» አለ። ጠነከረችብኝ። «እጅህን የምትገድልህ እሷ ናት። ጃፓኖቹ ለከተማ ብለው አለሰለሱት። ደግሞ ደሴ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩ ጉልበት የለው፣ ጠንካራ ሞላ ምን ይሠራለታል?»

ካሊፐር፣ ውፍረት መለኪያዬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ዚፑን እንኳ አልከፈትኩም። የሰው ሞላ እየለካ የሚውል ሰው የራሱን በሲጋራ ፓኮ ተለክቶለት ገዛ።

ቁመት ስለ ሞላ ጥንካሬ የሚናገረው ጥቂት ነው። ዋናው የሽቦው ውፍረት ነው። የመጠምጠሚያው ስፋትና የዙሩ ብዛት እኩል ከሆነ ጥንካሬው የሚሄደው ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው። ጋራዥ የቀሩት ሦስቱ አሮጌ ሞላዎች ሽቦ 2.0 ሚሊ ነው፤ የካርቶኑ 1.8 ሚሊ። ሁለት አሥረኛ ሚሊ በዓይን አትታይም። ነገር ግን 1.8ን ለ2.0 አካፍላችሁ ያገኛችሁትን 0.9 አራት ጊዜ በራሱ አባዙት፤ 0.656 ይመጣል። ከጥንካሬው ሲሶው ሄዷል ማለት ነው። እጀታው የለሰለሰው ለዚህ ነው፤ ሌላ የጃፓን ጥበብ የለበትም።

ያ ሲሶ የሄደው ከእጃችሁ ላይ ብቻ አይደለም። በዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሪሲዮን ጉልበት የሚያስተላልፈው ሞላዎቹ ዲስኮቹንና በመካከላቸው የሚገባውን የብረት ላሜራ አጣብቀው ስለሚይዙ ነው። መያዣው ሲሶ ከቀነሰ የሚሸከመው ጉልበትም ሲሶ ይቀንሳል። ፋብሪካ ሞተሩ ከሚሰጠው በላይ ትርፍ አድርጎ ነው የሚሠራው፤ ዲስክ እንደሚያልቅ፣ ሞላ እንደሚደክም፣ ሰው አፈናጥጠን ዳገት እንደምንወጣ ያውቃል። 3,500 ብር ከፍዬ ያስወጣሁት ያንን ትርፍ ነው። ሽጉጥ ላይም ነገሩ ያው ነው፦ ምላጩ ይቅለል ተብሎ የመዶሻው ሞላ ከደከመ፣ መርፌው ጥይቱን ይነካዋል እንጂ አያስነሳውም።

የዲስኮቹ ጉድ ደግሞ ለብቻው ነው። የፋብሪካው ውፍረት 3.0 ሚሊ፣ የካርቶኑ 2.9። ምን አላት ትላላችሁ። አምስት ዲስክ ሲደረደር ግማሽ ሚሊ ይጎድላል። በዚህ ሞተር ሞላው ሲታሰር የሚጨመቀው 8 ሚሊ ያህል ነው፤ ድርድሩ በግማሽ ሚሊ ከሳሳ 7.5 ብቻ ይጨመቃል። ቀድሞ የደከመው ሞላ ላይ ይህ ሲጨመር ከፋብሪካው ልክ 61 በመቶ ግድም ብቻ ይቀራል።

ስለ ስሱ አየር የተናገረው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ያስያዘኝ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ አየሩ ከባሕር ወለል በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። አምስት አንድ እጅ ለጠፋበት ሞተር ወደ አርባ በመቶ የሚጠጋ መያዣ ማንሳት ግን ሒሳብ አይደለም። ኮምቦልቻ ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ አየሩ ወፈር ይላል፣ ሞተሩም እዚያ ይበረታል። ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት የሚጀምረው ከዚያ በኩል ነው።

ስለዚህ ከፒያሳ ሸዋ በር፣ ከሸዋ በር ሙጋድ ስትመላለሱ ምንም አይታወቃችሁም። እንዲያውም ሰውየውን ትመርቁታላችሁ፣ እጀታው በሁለት ጣት ይሳባል። ሐረጎ ላይ፣ ከኋላ ሰው ተቀምጦ፣ በሦስተኛ ማርሽ ጋዝ ስትከፍቱ ነው የሚለይለት። ሞተሩ ይጮሃል፣ የፍጥነቱ ቀስት ግን ካለበት አይነቃነቅም። አንድ ሁለት ኩርባ እንደወጣችሁ የተቃጠለ ወረቀት ዓይነት ሽታ ይመጣል። ጋዝ ቀንሶ ወደ ሁለተኛ መመለስ ለጊዜው ያሳልፋል፤ የነደደው ግን ነዷል። የኔ ሞተር የጎን ክዳን ሲከፈት ዘይቱ እንደ ቡና አተላ ጠቁሯል። አራቱም ላሜራዎች ሰማያዊ መትተዋል። የሁለቱ ዲስኮች ሽፋን ተልጦ የዘይቱ ወንፊት ላይ እንደ ገለባ ተለጥፏል። ወንፊቱ ጨርሶ ቢደፈን ኖሮ ጣጣው ከፍሪሲዮን አልፎ ሲሊንደር ድረስ ይሄድ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሐሙስ ከሰዓት የተቃጠሉትን ዲስኮች በፌስታል፣ ሦስቱን አሮጌ ሞላዎችና ካሊፐሩን ይዤ ሄድኩ። ሰውየው ጥርሱን እየጎረጎረ ከጓዳ ወጣ። አንዱን ዲስክ በሁለት ጣቱ አንስቶ አሸተተው። «ጋሼ፣ ይሄ የእጅ ነገር ነው። ፍሪሲዮን ይዘህ ነው የምትነዳው» አለኝ። ስገዛ ወንድሜ ነበርኩ፣ በአምስተኛው ቀን ጋሼ ሆንኩ። ካሊፐሩን ከፍቼ 1.8 ሳሳየው ባንኮኒው ጥግ ወደቆመው ደንበኛ ዞሮ «መሐንዲስ መጥቶብናል» አለ። ደንበኛው ሳቀ። የሱቁ ልጅም ሳቀ።

ልጁን ያየሁት ያኔ ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ እግሮቹ መሃል አፉ የተጠቀለለ ማዳበሪያ አለ፣ ማዳበሪያው ውስጥ እንደ ሽንብራ የተዝረከረከ ሞላ። በቀኙ ጠፍጣፋ ካርቶኖች በላስቲክ ታስረው ተቆልለዋል። አንዱን መዝዞ ያጥፋል፣ ባንዲራውን ወደ ላይ ያደርጋል፣ እጁን ማዳበሪያው ውስጥ ከትቶ አራት ሞላ ይቆጥራል፣ ይጨምራል፣ ይዘጋል። አንዴ አምስት ገባበትና አንዱን መልሶ ወረወረው። ይህን ሁሉ እኔ ፊት፣ እየሳቀብኝ። ለመደበቅ እንኳ አልደከሙም። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ «የተገጠመ ዕቃ አንመልስም» የሚል ተለጥፏል፤ ሰውየው ጣቱን ወደዚያ አነሳና ወደ ጓዳው ተመለሰ። ንግድ ጽሕፈት ቤት ልሂድ ብልስ በምን ማስረጃ? ለ300 ብር ብዬ ደረሰኙን የተውኩት እኔው ነኝ።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ሞላ መቀየር ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። እጀታ ሲከብድ መጀመሪያ ኬብሉ ይጠረጠራል፤ ይህን ጋራዥ የዋለ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። የኬብሉን ጫፍ ከሞተሩ በኩል ንቀሉና እጀታውን ባዶውን ሳቡት። በአንድ ጣት ካልተንሸራተተ ክብደቱ ከኬብሉ እንጂ ከሞላው አይደለም። የኔ ኬብል ሲፈታ የውስጡ ሽቦ መሪው ሥር በሚታጠፍበት ቦታ ሦስት ክሩ ተበጥሶ ሽፋኑን እየቧጨረ ነበር። አዲስ ኬብል 350 ብር። ሽቦው ካልተበጠሰና ደርቆ ብቻ ከሆነ ያም አያስፈልግም፤ ኬብሉን አንጠልጥሉት፣ የፌስታል ጥግ ቀዳችሁ ላይኛው አፉ ላይ እንደ ማንቆርቆሪያ እሰሩበት፣ ቀጭን ዘይት ጨምሩና ከታች እስኪንጠባጠብ አሳድሩት። የእጀታው ብሎን ላይም ትንሽ ግሪስ። ስትመልሱት እጀታው ሥሩ ላይ ሳይዝ ባዶውን የሚሄድባትን ሁለት ሦስት ሚሊ አትርሱ፤ ያቺ ከጠፋች ደህናው ሞላም ያንሸራትታል።

ሌሎች ሱቆች ደግሞ ኬብሉ ሞተሩ ላይ የሚይዘውን ክንድ አስረዝመው ይሸጣሉ። ይኸኛው ቢያንስ ሌብነት አይደለም፣ ግን ይጎድለዋል፦ የ35 ሚሊው ክንድ 42 ሲሆን እጀታው በስድስት አንድ እጅ ይቀላል፣ ዲስኮቹ የሚላቀቁበት ክፍተትም በዚያው ልክ ይጠባል። ማርሽ ሲገባ ይንኳኳል፣ መብራት ላይ ቆማችሁ ኒውትራል ታጣላችሁ።

መግዛታችሁ ካልቀረ ሽቦውን ለኩ፣ የአምስቱንም ዲስክ ውፍረት ለኩ፣ ናሙናችሁን ከእጃችሁ አታውጡ። ዲስኩ ከመገጠሙ በፊት በሞተር ዘይት ውስጥ ይደር። የሞላዎቹ ብሎኖች ባለ 6 ሚሊ ናቸው፤ በመስቀለኛ፣ ትንሽ በትንሽ አጥብቁ፣ በጉልበት ከሆነ ይቆረጣሉ። ዘይት 20/50፣ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤም ኤ የሚል ያለበት፤ በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን ይሆናል ማለት ነው። ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ የሚሸጠው የመኪና ዘይት ማለስለሻ ስላለው ፍሪሲዮን ያንሸራትታል፤ ሰውየው እሱንም «ከሴቱ ጋር ይሄዳል» ብሎ ሊጨምርልኝ ነበር።

ናሙና ያልኩት ለዚህ ነው። ዲስክና ላሜራ ከሌላ ቦታ አግኝቻለሁ፤ የቀረኝ ሞላ ነው። ሦስቱ አሮጌዎች ደህና ናቸው፣ ግን በሦስት አይታሰርም፣ መጫኛው ያዘማል። አራተኛዋ እሱ ዘንድ ቀርታለች። ስወጣ «ናሙናዬን ስጠኝ» አልኩት፤ «የምን ናሙና?» አለ። ቁጭ ብላለች እኮ፣ መስታወቱ ውስጥ! ዘይቷ ተጠርጎላት፣ እኔው በማርከር ያደረግኩባት ሰማያዊ ምልክት ግን ጫፏ ላይ አለ። በጣቴ አሳየሁት። ካልኩሌተሩን አንስቶ መታ መታ አደረገና ወደኔ አዞረው። ኦርጅናል፣ አንዷ 400 ብር። ነገ ጠዋት ሄጄ እገዛታለሁ።