ፍሎሪዳ ባሕር ዳር «ላይሰንሱ በእኔ ነው» የሚላችሁን ሰው አትመኑ

በዚህ ሰመር ልጆች ይዛችሁ ፍሎሪዳ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ «እግረ መንገዳችንን ባሕር ዳር አሳ እናጠምዳለን» ያላችሁ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። እኔ የገባኝ 320 ዶላር ከተበላሁ በኋላ ነው።

ባለፈው ሐምሌ ከባለቤቴና ከ12 ዓመት ልጃችን ጋር ከቨርጂኒያ ተነስተን ሳኒቤል ደሴት ሄድን። ልጁ ወሩን ሙሉ አሳ አሳ ሲል ነው የከረመው። ስልኬ ላይ አንድ ማስታወቂያ መጣልኝ። አራት ሰዓት ሙሉ ከዳርቻው ቆሞ፣ ካሰኘም እስከ ጉልበት ውሃ ውስጥ ገብቶ ማጥመድ። ዘንጉም፣ መንጠቆውም፣ ላይሰንሱም (የማጥመጃ ፈቃዱ)፣ ሁሉም የተካተተ ይላል። ደወልኩ። ሰውየው አፉ ቅቤ ነው። «ላይሰንስ እንዳትገዙ፣ የእኔ ይሸፍናችኋል» አለኝ። ሙሉውን በዜል፣ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ በሚላክበት አፕ፣ ላክሁለት። ሞኝነቴ እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ ንጋት ላይ ብሎን ነበር። ማታ ደውሎ ወደ ረፋዱ 5 ሰዓት ገፋው። ለኔ ምንም አልመሰለኝም፣ እንዲያውም እንተኛለን ብዬ ደስ አለኝ። ለካ በዚያ ወቅት ስኑክ የሚባለው አሳ ዳርቻውን ተጠግቶ፣ እግራችሁ ሥር በሚባል ርቀት የሚዋኘው በማለዳ፣ ዋናተኛው ሳይመጣ ነው። እኛ ስንደርስ ባሕሩ በሕፃናትና በላስቲክ ኳስ ተሞልቷል። ለባለቤቴ የሰጣት ዘንግ ደግሞ መጠቅለያው በጨው ዝጓል። እጀታውን ስታዞረው ቡና እንደሚፈጭ ወፍጮ ይንኳኳል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ባሕር ላይ የዋለ ዕቃ ማታ በንጹህ ውሃ ካልታጠበ እንዲህ ነው የሚሆነው። የተከራያችሁትን ዘንግ ገንዘብ ሳትሰጡ በፊት አዙራችሁ እዩት።

አንድ ሰዓት ያህል እንደቆየን ዩኒፎርም የለበሰ የፍሎሪዳ የአሳና የዱር እንስሳት ጥበቃ ኮሚሽን መኮንን መጣ። በትህትና ላይሰንስ ጠየቀ። ወደ ጋይዳችን ጠቆምን። ሰውየው አሸዋ አሸዋውን ያያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላይሰንስ ያለው የቻርተር ጀልባ (አጥማጆችን በክፍያ የሚወስድ) ደንበኞቹን የሚሸፍነው ጀልባው ላይ ሆነው ሲያጠምዱ ነው። አሸዋ ላይ ለቆመ ወይም ውሃ ውስጥ ለገባ ሰው አይሠራም። «ከዳርቻ ማጥመድ ነፃ ነው» ሲባልም ሰምታችሁ ይሆናል። ነፃ የሚሆነው ለፍሎሪዳ ነዋሪ ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን በስሙ ማውጣት አለበት። ከሌላ ስቴት የመጣ ሰው መግዛት አለበት፦ ለ3 ቀን 17 ዶላር፣ ለ7 ቀን 30 ዶላር። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን አያስፈልገውም፣ ልጃችን በዚህ ተረፈ። እኔና ባለቤቴ እያንዳንዳችን 50 ዶላር፣ በዚያ ላይ የላይሰንሱን ዋጋ ተቀጣን።

ሌላም ውሸት ነበረው። «እራታችሁን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ» ብሎን ነበር። በዚያ በኩል ስኑክ በፈረንጆቹ ከሜይ 1 ጀምሮ ሰመሩን ሙሉ ቢያዝ እንኳ ይለቀቃል እንጂ ቤት አይገባም። ሐምሌ ላይ ይዤ ሳልለቀው ብቀር ኖሮ ሁለተኛ ቅጣት ነበር የሚጠብቀኝ።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ልጄን ባዶ እግሩን ውሃ ውስጥ ሲያስገባው ስለ ስቲንግሬይ አንዲት ቃል አለመተንፈሱ ነው። ይሄ ጠፍጣፋ አሳ አሸዋ ለብሶ ይተኛል፣ ከረገጡት በጅራቱ እሾህ ይወጋል። የነገሩን አጠገባችን የሚያጠምዱ አንድ ሽማግሌ ናቸው። «እግርህን አታንሳ፣ አሸዋው ላይ እየጎተትክ ሂድ፤ ሲሰማህ ራሱ ይሸሻል» አሉት።

ገንዘቤ አልተመለሰም። ዜል ከላካችሁ በኋላ የምትይዙት ነገር የለም። ክሬዲት ካርድ አልቀበልም የሚል ጋይድ ካጋጠማችሁ እዚያው ተዉት። ላይሰንሱን ራሳችሁ ከኮሚሽኑ ግዙ፣ በስልክ ብዙም ጊዜ አይፈጅም። የኮሚሽኑን ገጽ መስለው ተጨማሪ የሚያስከፍሉም ስላሉ አድራሻውን አስተውሉ። ላይሰንስ ካላችሁ፣ ጋይድም አያስፈልጋችሁ ይሆናል። ራሱ ላይሰንስ ያለው ፒየር (ባሕሩ ላይ የተዘረጋ መቆሚያ) ላይ ሆናችሁ ካጠመዳችሁ ደግሞ የራሳችሁም አያስፈልግም።

በማግስቱ ንጋት ላይ ላይሰንሳችንን ስልካችን ላይ ይዘን፣ በ40 ዶላር የገዛነውን ዘንግ ተሸክመን ወጣን። ከኋላችን አንድ ረጅም ግራጫ ወፍ መጥቶ ቆመ። ልክ ሐዋሳ አሞራ ገደል እንዳለው አባ ኮዳ፣ የሚደርሰውን ይጠብቃል። ልጁ ሦስት ትንንሽ አሳ ይዞ ሦስቱንም ለቀቀ። ወፉ ተቀየመን መሰለኝ፣ ጥሎን ሄደ።