ድንኳን ያልተተከለለት ሐዘን፦ ስለ «ኤ ሲንግል ማን» ልብ ወለድ

ክሪስቶፈር ኢሸርዉድ እ.ኤ.አ. በ1964 ያሳተመው «ኤ ሲንግል ማን»፣ በሎስ አንጀለስ አካባቢ የሚኖር ጆርጅ የተባለ የኮሌጅ መምህር የአንድ ቀን ውሎውን የሚተርክ አጭር ልብ ወለድ ነው። ጆርጅ አብሮት ይኖር የነበረውን ፍቅረኛውን ጂምን ኦሃዮ ውስጥ በደረሰ የመኪና አደጋ አጥቷል። ሁለቱም ወንዶች ናቸው፤ ደራሲው ግን ፍቅራቸውን ለማስረዳትም ሆነ ለማስተባበል አይደክምም፤ እንደ ማንኛውም ትዳር ከነቁርሱ፣ ከነንትርኩና ከነዝምታው ያቀርበዋል።

ከሁሉም በላይ የነካኝ መግቢያው ላይ ያለው የደረጃው ትዕይንት ነው። ከደረጃው ግርጌ ወደ ወጥ ቤት የሚያስገባው በር እጅግ ጠባብ ስለሆነ ሁለቱ ቁርስ ለማዘጋጀት ሲጣደፉ ሳይጋጩ አያልፉም ነበር፤ አሁን ጆርጅ ማለዳ ማለዳ እዚያ በር ላይ ሲደርስ የሚጋጨው ሰው የለምና ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መርዶውንም እንደ አዲስ ይሰማል። ሐዘንን በለቅሶ ብዛት ሳይሆን በበር ስፋት ለክቶ ማሳየት የሚችል ደራሲ ብዙ አይገኝም።

እኔ በምኖርባት ሐዋሳ ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ለቀስተኛው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እያለ ይገባል፤ ሠልስቱ፣ አርባውና ሙት ዓመቱ ሲያልፉም ዘመድ አዝማድ ሐዘንተኛውን ጥቁር ልብሱን አስወልቆ ቀስ በቀስ ወደ ኑሮው ይመልሰዋል፤ ሚስቱ የሞተችበት ከሆነም ሌላ ትዳር እንዲመሠርት የሚመክረው ሽማግሌ አያጣም። ጆርጅ ከዚህ ሁሉ አንዱም የለውም። የጂም አጎት በስልክ መርዶውን ሲነግረው እንደ አንድ የቤት ወዳጅ ቆጥሮ ወደ ቀብሩ ይጋብዘዋል፤ እርሱም በአጭሩ እንደማይመጣ ይመልሳል። ለጎረቤቱ ደግሞ ጂም ወላጆቹ ዘንድ እንደቀረ ይነግራታል። በኢትዮጵያ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ስለሚከለክል፣ የካሊፎርኒያም ሕግ ያን ጊዜ እንዲሁ ይከለክል ስለነበር፣ ይህ ውሸት ከየት እንደመጣ የሐዋሳ አንባቢ ማብራሪያ ሳይፈልግ ይረዳዋል። በእኔ እምነት የመጽሐፉ ትልቁ ጉልበት እዚህ ላይ ነው፤ ባለለቅሶ መሆኑ ያልታወቀለት ሰው ከሐዘን የሚያወጣው ስለማይኖር፣ ወደ አዲስ ፍቅር የሚወስደውን መንገድ ብቻውን መጥረግ አለበት።

ያንንም መንገድ ኢሸርዉድ በጥንቃቄ ያሳያል። ጆርጅ በአንድ ወቅት ጂምን ልትነጥቀው የሞከረችውንና አሁን ሆስፒታል የተኛችውን ዶሪስን ሲጠይቃት ጥላቻው መንጠፉን ያስተውላል፤ ማታ ከተማሪው ከኬኒ ጋር በውቅያኖሱ ይዋኛል፤ ከዚያ በኋላም ጂምን ባገኘበት አካባቢ ሌላ የሚወደው ሰው ሊያገኝ እንደሚችል ለራሱ ያምናል። ለሟቹ ያለው ፍቅር ሳይቀንስ ለሌላ ሰው ቦታ መከፈቱ በጣም አሳምኖኛል። ደራሲው መጽሐፉን የጻፈው ከሕይወት አጋሩ ከሠዓሊው ዶን ባቻርዲ ጋር በተቃቃረበት ወቅት፣ ያለ እርሱ መኖር ምን እንደሚመስል እያሰበ ነበር፤ ፍርሃቱ በየገጹ ይሰማል።

ጉድለትም አለው። የክፍል ውስጥ ውይይቱ በአልደስ ሀክስሊ ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ያን መጽሐፍ ላላነበበ ሰው ይከብዳል። የጆርጅ ወዳጅ ቻርሎት፣ ልጇም ባሏም ትተዋት የሄዱ ሴት ሆና ሳለ፣ ከስካሯና ከልመናዋ ውጪ ብዙ አልተሰጣትም፤ የእርሷም ሐዘን ይህን ያህል ትዕግሥት ይገባው ነበር።

እንግሊዝኛው ቀላል ነው፤ ምዕራፍ ስለሌለው ግን በአንድ ቁጭታ ቢነበብ ይመረጣል። ቶም ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2009 ያዘጋጀውን ፊልም አስቀድመው ያዩ አንባቢዎች፣ እዚያ ጆርጅ ራሱን ለማጥፋት ሲዘጋጅ የሚታየው በመጽሐፉ ውስጥ እንደሌለ ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። የመጽሐፉ ጆርጅ ለመኖር የሚፈልግ፣ የሚቆጣና የሚራብ ሰው ስለሆነ፣ እኔ ከፊልሙ በፊት መጽሐፉ እንዲነበብ እመክራለሁ።