ፒኦ-33 ወይስ ቮልካ ሳምፕል 2? ለማሲንቆና ለከበሮ የቱ ይሻላል

ደብረ ማርቆስ ላይ ቢት የሚሠሩ ልጆች ሳምፕለር (የተቀዳ ድምፅ በቁልፍ የሚያጫውት መሣሪያ) ሊገዙ ሲያስቡ ሁለት ስም ይዘው ይመጡብኛል። አንዱ የስዊድኑ ቲንኤጅ ኢንጂነሪንግ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 ያወጣው ፒኦ-33 ነው። ሌላው የጃፓኑ የኮርግ ቮልካ ሳምፕል 2። ሁለቱም ከትልልቆቹ ሳምፕለሮች ይረክሳሉ፣ ሁለቱም በድንጋይ ይሠራሉ። መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም ማለት ነው።

ልዩነታቸው የሚጀምረው ከማይክ ነው። ፒኦ-33 የራሱ ማይክና ስፒከር አለው። ቁልፉን ተጭናችሁ ትቀዳላችሁ፣ ስትለቁት ያበቃል። ቮልካው ማይክም ሆነ ድምፅ መቅጃ ቀዳዳ የለውም። ድምፁን በስልክ ወይ በሌላ ነገር ቀድታችሁ፣ ኮምፒውተር ላይ አስተካክላችሁ በዩኤስቢ ትጭኑለታላችሁ።

ለእኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጥሩ ድምፅ የምናገኘው ሰርግ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ግቢ ውስጥ ነውና። ሰሞኑን አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ወንድማችን ቤት መጥቶ ነበር። ጭራውን በዕጣን ካሸ በኋላ የትዝታን አምስት ድምፆች አንድ በአንድ፣ በየመሃሉ ዝም እያለ እንዲጫወትልኝ ለመንኩት። ፒኦ-33 ላይ ከ9 እስከ 16 ባሉት ቦታዎች የገባውን ድምፅ መሣሪያው ራሱ ይቆራርጠዋል። አምስቱም ድምፆች በየቁልፋቸው ተቀመጡ። ቅኝቱ እሱ እንደቃኘው ነው፣ ፒያኖ ላይ እንደሚሰማው አይደለም። ጭራው ሲፋተግ የሚሰማው እንኳ አልጠፋም። ያን ቀን በጣም ደስ ብሎኝ ነው ያመሸሁት።

የፒኦ-33 ችግሩ ድምፅ ማስቀመጫ ቦታው ነው። ያለው ሁሉ 40 ሰከንድ ነው፣ ለሁሉም ድምፅ አንድ ላይ። ጥራቱም ዝቅ ያለ ነው። ለከበሮ ሻካራነቱ ያምርበታል፣ ለሰው ድምፅ ግን አልወደውም። ከኮምፒውተር ጋርም በዩኤስቢ አይገናኝም። ቮልካው 130 ሰከንድና 200 የድምፅ ቦታ አለው፣ 10 ድምፅም አንድ ላይ ያሰልፋል።

ምት ላይ ቮልካው ይበልጣል። የሁለቱም ፓተርን፣ ማለትም የሚደጋገመው ምት፣ በ16 እርምጃ የተከፈለ ነው፤ ችክችካ ደግሞ 6/8 ስለሆነ 12 ነው የሚመቸው። ቮልካው ላይ አራቱን እርምጃ አጥፍታችሁ 12 ካስቀራችሁ ችክችካው ቁጭ ይላል። ከበሮውን በሰፊው ፊት ዱም፣ በጠባቡ ታ አድርጋችሁ ሞክሩት። ፒኦ-33ም 6/8 የሚባል ኤፌክት አለው። እሱ ግን በ16 የተሠራውን ቢት ነው የሚያጣምመው፣ ከመነሻው በ12 እንደመሥራት አይሆንም።

ኮምፒውተር ለሌለውና ከተጫዋቾች ላይ ድምፅ መቅዳት ለሚወድ ፒኦ-33ን እመክራለሁ። ፋይል የሰበሰበ፣ ኮምፒውተርም ያለው ቮልካውን ይግዛ። ብር ከተረፈ በ2023 የወጣው የቲንኤጅ ኢንጂነሪንግ ሌላ ሳምፕለር ኢፒ-133 ማይክም ዩኤስቢም አንድ ላይ አለው፤ ሲወጣ ግን ዋጋው 299 ዶላር ነበር።

ፒኦ-33 ሁለት የሪሞት ድንጋይ ይበቃዋል፣ ቮልካው ስድስት የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ይፈልጋል። ፒኦ-33 ልብስ የለውም፣ ሰርኪዩቱ እንዳለ ይታያል። ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ለብቻው የሚሸጠውን መሸፈኛ አብሮ እንዲይዝ ንገሩት።