ለገሃር አካባቢ ያለችው የሸሚዝ ሱቅ፦ ስፌቷ፣ ዋጋዋና ታጓ

ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ለገሃር ሲወረድ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ላይ ያለች ጠባብ ሱቅ ናት። የምትሸጠው አገር ውስጥ የተሰፋ ልብስ ብቻ ነው። ነጭ የጥጥ ሸሚዝ በ1,900 ብር ገዛሁ። ያዋጣል።

ጋርመንት ውስጥ ጥራት ቁጥጥር ላይ ስለሠራሁ ልብስ ሳይ መጀመሪያ ውስጡን ነው የምገለብጠው። የዚህ ሸሚዝ ጎኑ ድርብ ስፌት ነው፤ የተንጠለጠለ ክር የለውም። ኮሌታው ታጥቦም አልተኮማተረም። ድክመቱ አዝራሩ ነው፤ ላላ ብሎ ስለተተከለ አንዱ ቶሎ ወለቀብኝ። እጅጌውም ለረጅም ሰው ያጥራል።

ዋጋው ለምን ከፍ እንዳለ ስጠይቅ ባለሱቋ፣ «እህቴ፣ የሚሰፉት እዚሁ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ውጪና እያቸው» አለችኝ። ወጣሁ። ክፍሉ ብርሃን አለው። ሁለቱም በሮች ክፍት ናቸው፤ በካርቶን የተዘጋ መውጫ የለም። አንዷ ልብስ ሰፊ ደመወዟንና የትርፍ ሰዓት ክፍያዋን ባለሱቋ እየሰማች ነገረችኝ። እንዲህ በነፃነት ስትናገር ማየቴ ከሰርተፊኬት ይበልጥብኛል።

ለምን እንደዚህ እንደምል ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 ፓኪስታን፣ ካራቺ ውስጥ የተቃጠለው አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ የልብስ ፋብሪካ፣ ከእሳቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ኤስኤ8000 የሚባለውን የሠራተኛ መብት ሰርተፊኬት አግኝቶ ነበር። መውጫዎቹ ተቆልፈው፣ መስኮቶቹ በብረት ታጥረው ከ250 በላይ ሰው አለቀ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 ደግሞ ባንግላዴሽ፣ ዳካ አቅራቢያ ራና ፕላዛ የተባለ የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። እዚያ ልብስ የሚያሰፉ ብራንዶች በሕግ የሚያስገድድ የደህንነት ስምምነት የፈረሙት ከዚያ በኋላ ነው። በስምምነቱ የተደረገው ፍተሻ ውጤትም ፋብሪካ በፋብሪካ ለሕዝብ ይፋ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚባለው ነገር በአብዛኛው በየኩባንያው በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ነበር።

የእኛም አገር ታሪክ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን አጥንተው ነበር። የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነው ብለው ጻፉ። ያኔ ባንግላዴሽ 95 ዶላር ነበር። ልብሱን የሚያሰፉት ግን የሥነ ምግባር ደንብ ያላቸው ትልልቅ ብራንዶች ናቸው! እዚያ የሠሩ ጓደኞቼ አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው እንኳ ወር መድረስ ያቅታቸው ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ይላል፤ ይህ ድንጋጌ ሥራ ላይ ሲውል ማየት አጥብቄ እፈልጋለሁ።

ወደ ሱቋ ልመለስ። ሌላኛው መስቀያ ላይ ከኤክስፖርት የተረፉ ቲሸርቶች አሉ። አረንጓዴ ታጋቸው (የተንጠለጠለባቸው መለያ ካርድ) በኃላፊነት የተመረቱ መሆናቸውን ይናገራል። የትኛው ፋብሪካ? አልተጻፈም። ስንት ተከፍሎ? እሱም የለም። ባለሱቋን ጠየቅኳት፤ ከአከፋፋይ እንደምታመጣቸው ነገረችኝ፤ የፋብሪካውን ስም አጣርታ መስቀያው ላይ ልትለጥፍ ቃል ገብታለች። እስከዚያ እነሱን አልገዛም።

ሸሚዙን ግን ግዙ። አዝራሩን እዚያው አስጠብቁ፤ ያለ ክፍያ ይሠሩላችኋል። ቴሌብር ይቀበላሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ይጨናነቃል፤ መልበሻው አንድ መጋረጃ ብቻ ስለሆነ ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል።