ቦዲውን አስቆርጡ፣ አንገቱን አትስጡ፦ የጅማ ሲኤንሲ ለጊታር ሠሪ

ጅማ መርካቶ አካባቢ በሲኤንሲ (በኮምፒውተር በሚመራ መቁረጫ ማሽን) የበርና የአልጋ ቅርጽ የሚያወጣ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ፋይል ይዞ ለመጣ ሰው የኤሌክትሪክ ጊታር ቦዲም (ዋናውን አካል) ይቆርጣል። ለቦዲው እንመክረዋለን። ለአንገቱ ግን አይሆንም፦ የፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የሚቀበረው ቀጭን ብረት) መስመር 0.6 ሚሊ ያህል ቀጭን ቢት (የሚሽከረከር መቁረጫ) ይፈልጋል፣ ቤቱ ያለው ትንሹ ቢት 3 ሚሊ ነው። አንገቱን ተሠርቶ ያለቀ ግዙ።

ፋይል በዲኤክስኤፍ (የንድፍ ፋይል ዓይነት ነው) ይቀበላሉ። የጊታር ንድፍ ብዙ ጊዜ በኢንች ይሳላል፤ በሚሊ ሲከፈት 25.4 ጊዜ ያንሳል። ማሽኑ ሳይነሳ የቦዲው ወርድ ስክሪኑ ላይ 320 ሚሊ ገደማ መሆኑን እዩ።

ኦፕሬተሩ ጎበዝ ነው፤ እጁ የለመደው ግን ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ጭረት ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ነው። በ6 ሚሊ ቢት በአንድ ዙር 6 ሚሊ ያወርዳል። ዋንዛ ላይ እንዲህ ከሄደ እንጨቱ ይጨሳል፣ ጠርዙ ይፈነቀላል፣ ቢቱም ሊሰበር ይችላል። በዙር 3 ሚሊ በሉት። ሒሳቡ በሰዓት ስለሆነ ዋጋው ይጨምራል፤ ይጨምር።

ዋናው ቅሬታ መገልበጡ ላይ ነው። 45 ሚሊ ውፍረት ያለውን ቦዲ አጭር ቢት ከአንድ ወገን አይጨርሰውም፤ ግማሹ ተቆርጦ ጣውላው ይገለበጣል። እዚህ ቤት የሚያስተካክሉት በዓይን ነው፤ ዙሪያውን ጥፍር የሚይዝ ደረጃ ይቀራል፣ እሱን ማጥፋት ደግሞ የብርጭቆ ወረቀት ይበላል። ፋይሉ ውስጥ በመሃል መስመሩ ላይ፣ ከቦዲው ውጭ፣ ሁለት 8 ሚሊ ቀዳዳ ሳሉ። ቀዳዳዎቹ ጣውላውን አልፈው ሥሩ የተነጠፈውን ኤምዲኤፍ ይብሱ፤ ሲገለበጥ ክብ እንጨት ይግባባቸው። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ዜሮውን (የሚለካበትን መነሻ ነጥብ) ይረሳል፤ ዜሮውን ከአንዱ ቀዳዳ መሃል ካስያዛችሁ መብራት ሲመለስ እንደገና ታገኙታላችሁ።

አንገቱ የሚገባበት ጉድጓድ 56 ሚሊ ወርድ፣ 16 ሚሊ ጥልቀት ገደማ አለው። በገደማ ግን አይቆረጥም፤ የገዛችሁትን አንገት በካሊፐር ለክታችሁ መጀመሪያ ኤምዲኤፍ ቁራጭ ላይ አስሞክሩ። ያለ ብሎን አንገቱን ይዛችሁ ስታነሱት ቁራጩ አብሮ ከተነሳ ልኩ ደርሷል። የ6 ሚሊ ቢት ውስጠኛውን ማዕዘን በ3 ሚሊ ያከበዋል፤ የአንገቱ ጫፍ ማዕዘን ካለው በመሮ አጽዱት።

ዋንዛ ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ የጅማ በርጩማ የሚፈለፈለውም ከእሱ ነው። ከ12 በመቶ በላይ እርጥበት ያለው ጣውላ ግን ከተቆረጠ በኋላ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ጉድጓዱ ይጠባል፣ ልክ የነበረው አንገት አልገባ ይላል። ቤቱ የእርጥበት መለኪያ የለውም፤ «ደረቅ ነው» የሚሉት ዳሰው ነው። ጣውላውን ራሳችሁ አድርቃችሁ ውሰዱ፣ በተለይ ክረምት ላይ።

የብሪጁን (ክሮቹ ቦዲው ላይ የሚያርፉበትን ብረት) ቀዳዳ በማሽን አታስበሱ፣ ቢለምኗችሁም። አንገቱ ከታሰረ በኋላ የክሩ ልክ 648 ሚሊ በሆነ ጊታር ከ12ኛው ፍሬት 324 ሚሊ ለኩ፤ የወፍራሙ ክር ማረፊያ ከዚያ 2 ወይም 3 ሚሊ ወደ ኋላ የሚሄድበት ቦታ ተዉለት፣ ከዚያ በድሪል ብሱ።